በስዩም አጥንት

ትሩጋኒና (ሜልበርን)፣ መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለራሕዋ፤

አዲሱን ዓመት በሰላም እንደተቀበልሽ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ልጅሽ ኪሮስም ደህና ነው። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በዕንቁጣጣሽ ማግስት ነበር። መልሱ የዘገየው ንቄሽ ሳይሆን እጄ ስለሚዘገይ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ መሆኑን ታውቂያለሽ። ለምን እንደተማርኩም ታውቂያለሽ። በባልሽ በስዩም ሙት ዓመት ዕለት፣ ልጁን ይዤ ወደ ፐርዝ ልሂድ ስትይኝ፣ «ከአንቺ ጋር አፍ ለአፍ ብነጋገር የልጄ የስዩም አጥንት ይውጋኝ» ብዬ ማልኩ። ለሙት ዓመቱ የመጣ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ልጁ እኔ ዘንድ ቀረ፣ አንቺ ብቻሽን ሄድሽ። ያ መሐላ ዛሬም አለ። የማለው አፌ ነው፣ እጄ አልማለም። ስለዚህ እጽፋለሁ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ቁመቱ አባቱን አልፏል፤ የጓዳው በር ላይ ጎንበስ ማለት ጀምሯል። አዎ፣ ይጾማል፣ ሲያስታውስ። አማርኛ ይሰማል፣ መልሱን በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠኝ። ስለ አንቺ ያነሳል ወይ ላልሽው፣ እኔ ፊት አያነሳም።

የኳሱ ነገር እውነት ነው። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፤ ያንን የዚህን አገር ሞላላ ኳስ ለመያዝ ሰው ትከሻ ላይ ወጥቶ። እኔ እሱ ሲወድቅ ማየት ስለማልችል ሜዳ አልሄድም። ጎረቤታችን ጋሼ ዋቅጋሪ ጋዜጣውን ይዞ መጣና፣ «እትዬ አጸደ፣ ዘንድሮ ከሚመረጡት ልጆች ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ ነው ይላሉ!» አለኝ። ምርጫው እንዴት እንደሆነም አስረዳኝ። ድራፍት ይሉታል። በኅዳር የአገሩ ክለቦች ሁሉ ተሰብስበው ልጆቹን ተራ በተራ ይመርጣሉ። ልጁ እሱን የመረጠው ክለብ ወዳለበት ከተማ ይሄዳል፤ እሱም ቤተሰቡም እምቢ ማለት የለም። የሰንጋ ገበያ ነው የመሰለኝ። ጥርሱን ማየት ብቻ ነው የቀራቸው።

ሜልበርን ውስጥ ብዙ ክለብ አለ። ከእነሱ አንዱ ይወስደዋል፣ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል ብዬ እጸልያለሁ። የእናንተ ከተማ ክለብ እንዲወስደው አንቺ እንደምትጸልዪ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ከሁለታችን ማንን እንደሚሰማ እናያለን።

ስለ ጤናዬ ደጋግመሽ የጠየቅሽው ግን አልገባኝም። ማን ምን አለሽ? ደህና ነኝ ብያለሁ።

አጸደ

*

ፐርዝ፣ መስከረም 20 ቀን 2018

ለተከበሩ እትዬ አጸደ፤

እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ አደረሰዎ። ደብዳቤዎን ባስ ዴፖ ውስጥ፣ ሺፍቴ ሳይጀምር ነው ያነበብኩት። አማርኛዬን እንደ ድሮው ይታገሡኝ፤ ትግርኛው እየቀደመኝ ነው።

ስለ ጤናዎ ማንም ምንም አላለኝም። ኪሮስ በላከልኝ ፎቶ ላይ በዚያ ሁሉ ሙቀት ግራ ክንድዎን በነጠላ ጠቅልለው አየሁ። ለዚያ ነው። ካስቀየምኩዎ ይቅርታ።

አሁን የምጽፈው ለሌላ ነገር ነው። የዚህ ከተማ ክለብ መልማይ ግሬም የሚባል ሰው ደውሎልኝ ነበር፤ እርስዎ ቤት ሊመጣ ነው። አጨዋወቱን አይተው ጨርሰዋል። የሚፈልጉት አብሮት የሚኖረውን ሰው ጠይቀው ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ ማወቅ ነው። እባክዎ፣ እዚህ አገር ወላጅ ልጁን እንግዳ ፊት ያሞግሳል። አያሳንሱት።

አንድ ነገር አሳስቧቸዋል። ከፋሲካ ወዲህ ማክሰኞና ሐሙስ ከትሬኒንግ ይቀራል። ኮቹ ሲጠይቀው ዝም ይላል። እኔም ጠየቅኩት፤ «ኢትስ ነሲንግ፣ ማም»፣ ምንም አይደለም ብሎ ዘጋኝ። የት እንደሚውል እርስዎ ያውቁ ይሆን?

እርስዎ እንደሚሉት እጸልያለሁ፣ አልዋሽም። ትምህርት ቤት በር ላይ ባሱን ሳቆም ከሚወርዱት ልጆች መካከል ሁልጊዜ እሱን እፈልጋለሁ፤ እስከ መጨረሻው ያላሳደግኩት ልጅ ነውና። ግን ወደዚህ ባይመጣም እንኳ ይመረጥልኝ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሌላ ነገር ተመኝቶ አያውቅም።

ራሕዋ

*

ትሩጋኒና፣ ጥቅምት 7 ቀን 2018

ለራሕዋ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ።

ሰውየው ሐሙስ ልምጣ ብሎ ነበር። ሐሙስ አይመቸኝም ስላልኩ ረቡዕ መጣ። ግሬም ፀጉሩ የሸበተ፣ ጫማውን ሳይነገረው በር ላይ ያወለቀ ጨዋ ሰው ነው። ካልሲው ቀዳዳ ነበረው፤ ሀኒ ሳቋን መያዝ አቃታት። ሀኒ የጋሼ ዋቅጋሪ ልጅ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ እንድታስተረጉም የጠራኋት እኔ ነኝ። ድፎ ዳቦ ቆረስኩለት። በላ፣ ደገመ። ከዚያ ኪሮስ አጠገቤ እንደተቀመጠ ጥያቄውን ጀመረ።

«በልጅዎ ይኮራሉ አይደል?» አለ።

«ኧረ ምኑ ይኮራበታል!» አልኩ። «አንድ ሰሃን ሳይሰብር አጥቦ አያውቅም።»

ሀኒ ዞራ አየችኝ። «እትዬ፣ ይሄን ልበለው?»

«ያልኩትን በይ።»

ነገረችው። ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ። ምን ላድርግ ራሕዋ? የራሴን ልጅ ባዕድ ፊት ከፍ አድርጌ ዓይን ላስበላው? እኔንም እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይቺ ጅል» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ እንደምትወደኝ የማውቀውም በዚያ ነበር።

ከዚያ ሰውየው መሳቁን ተወ። «ከሌሎቹ ልጆች ቀድሞ ሊመረጥ ይገባዋል ብለው ያምናሉ?» አለኝ።

«አይገባውም» አልኩ። ይህም ለጨዋነት ነበር። እኛ አይገባውም ስንል የሚሰማው ሰው «ኧረ እንዴት ተደርጎ!» ይላል። ከዚያ እኛም እየተግደረደርን እሺ እንላለን። እኔ እሱን ነበር የጠበቅኩት። ሰውየው ግን «ኧረ እንዴት» አላለም። አጎንብሶ ጻፈ።

ቀጥሎ ማክሰኞና ሐሙስ ለምን እንደሚቀር ጠየቀ። ኪሮስ ምንጣፉን ያያል። እኔን አላየኝም። እኔ ግን አየሁት፤ ጉልበቶቹን በእጆቹ ጨብጦ ነበር።

«ሰነፍ ነው» አልኩ። «እንቅልፍ ይወዳል።»

ሀኒ አልተረጎመችም። «እትዬ፣ ኖ፣ ይሄን አልለውም» አለች። ከዚያ ኪሮስ ራሱ ቀና ብሎ፣ «ሺ ሴይስ አይም ሌዚ» አለው። የራሱን ስንፍና ራሱ ተረጎመለት።

ሰውየው አመስግኖኝ ወጣ። ሦስተኛውን ቁራሽ አልነካውም።

ይህን የጻፍኩልሽ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው። ለምን እንዲያ እንዳልኩ አትጠይቂኝ።

አጸደ

*

ፐርዝ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018

እትዬ አጸደ፤ ጤና ይስጥልኝ።

አትጠይቂኝ ብለዋል። እጠይቅዎታለሁ።

ስለ «አይገባውም» ለግሬም እኔ ደውዬ አስረዳሁት። በእኛ ባህል ሰው ልጁን አያሞግስም፣ መልሰህ መለመን ነበረብህ አልኩት። ገባው፤ ከት ብሎ ሳቀ። ስለ «ሰነፍ ነው» ግን ምን ልበለው? «ልጁ ራሱ ነው የነገረኝ፣ ከአያቱም ከእሱም አፍ ሰምቻለሁ፣ በዚያ ላይ የቀረባቸው ቀናት ይታወቃሉ» አለኝ።

ከክለቦቹ አንዱ የሰማውን ሌላው ይሰማል። ሌላ ክለብ ኪሮስን ለኢንተርቪው ጠርቶት ነበር፣ ሰርዘውታል። ከመጀመሪያዎቹ አምስት አንዱ ነው ሲሉት የነበሩት ጋዜጦች አሁን ስሙን ጭራሽ አያነሱም። እርስዎ ጋዜጣ ስለማያዩ ነው የምነግርዎ። እሱ ግን ያያል።

እትዬ፣ ልጄ ሰነፍ አይደለም። ገና ልጅ ሆኖ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ኳሱን ከአጥር ጋር ሲያላጋ ጎረቤት ይከሰን ነበር። ታዲያ ማክሰኞና ሐሙስ የት ነው የሚሄደው? መጠጥ ነው? ሴት ናት? መጥፎ ጓደኛ ይዟል? እርስዎ ያውቃሉ። «ሐሙስ አይመቸኝም» ብለው መጻፍዎን ደግሜ አንብቤዋለሁ።

ካልነገሩኝ ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ። በርዎ ላይ ቆሜ እጮሃለሁ። እርስዎ በመሐላዎ ዝም ይበሉ።

ራሕዋ

*

ትሩጋኒና፣ ጥቅምት 26 ቀን 2018

ራሕዋ፤

አትምጪ። ልንገርሽ።

በእያንዳንዱ ደብዳቤ ደህና ነኝ ያልኩሽ ውሸት ነው። ኩላሊቴ ሞቷል። ከዐቢይ ጾም ጀምሮ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሆስፒታል እየተኛሁ ደሜን በማሽን ያጥቡልኛል። በነጠላ የሸፈንኩት ክንድ መርፌው የሚገባበት ነው፤ አብጦ ይንቀጠቀጣል፣ ለማየት ያስጠላል።

መጀመሪያ የሆስፒታሉ መኪና ነበር የሚያመላልሰኝ። አንድ ቀን ከማሽኑ ስነሳ ዞረብኝና ደጁ ላይ ወደቅኩ። ኪሮስ ያን ዕለት መጥቶ አነሳኝ። ከዚያ ወዲህ ለብቻዬ ልኮኝ አያውቅም። ቅዳሜ ጠዋት አድርሶኝ ወደ ጨዋታው ይሮጣል። ማክሰኞና ሐሙስ ግን የሚደርሰኝ ተራ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ትሬኒንጉም ያኔ ነው። ማሽኑ እስኪጨርስ አጠገቤ ይቀመጣል። እግሩ ረጅም ስለሆነ ነርሶቹ ይሰናከሉበታል። «ሙቭ ዮር ቱ ትራክስ፣ ዳርሊንግ» ይሉታል፤ ሁለቱን ሎንቺናዎችህን አንሳ ማለታቸው ነው። ይስቃል። እዚያ ሲስቅ ብታዪው ቀርቶበት የመጣ ነገር ያለ አይመስልም።

ለማንም እንዳይናገር አስማልኩት። በአባቱ አጥንት። ልጅ ነው፣ ማለልኝ። ግሬም ሲጠይቀው ምንጣፉን ያየው ለዚህ ነው። እኔ አንድ ቃል ብናገር ይፈታ ነበር። ቤቴ የመጣ ባዕድ ሰው ሕመሜን ይወቀው አልልም፣ ይህ አንዱ ነው። ትልቁ ግን አንቺ ነሽ። ራሕዋ ከሰማች ልጄን የአሮጊት አስታማሚ አደረገችው ብላ ትወስደዋለች አልኩ። የአንቺ ከተማ ክለብ ነው ደግሞ የጠየቀኝ። እሱ ከሄደ እዚያ ማሽን ላይ ወጥቼ የምተኛበት ምን ምክንያት አለኝ? ስዩምን ቀብሬአለሁ። ሌላ ሰው የለኝም። እሱን ላለማጣት ሰነፍ አልኩት፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። በማግሥቱ ሐሙስ እንደ ወትሮው መኪናውን አስነስቶ ደጅ ጠበቀኝ። ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛልኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኩ አይጮህም። ሲመሽ ሲመሽ ብቻውን ሜዳ ሄዶ ኳሱን ወደ ባዶ ግብ ይመታል። ጋሼ ዋቅጋሪ ቆሞ አይቶት እያለቀሰ ገባ።

ትናንት ከመሐላህ ፈትቼሃለሁ፣ ሂድና ንገራቸው አልኩት። እምቢ አለኝ። ሀኒ እንደተረጎመችልኝ፣ «አያቴ ታማብኛለች ምረጡኝ ብዬ አልለምንም። ስለ እኔ የተናገረችው እሷ ናት» ነው ያለው። እውነቱን ነው። ያበላሸው የእኔ አፍ ነው፤ የሚያቃናውም ያው አፍ ነው።

ሀኒ ታስተርጉም እንዳትዪ። እንዲህ ያለ ነገር በልጅ አፍ አይነገርም፤ የሚነገረው በእናቱ አፍ ነው። ስለዚህ እኔና አንቺ መነጋገራችን ነው። የንስሐ አባቴን አማክሬአለሁ። መሐላ ማፍረስ ቀላል አይደለም አሉኝ፤ ስግደቱን ጉልበቴ ስለማይችለው በየቀኑ ዳዊት እንድደግም ቀኖና ሰጡኝ። ማንበብ የቻልኩት ለዚህም ጠቀመ። የስዩም አጥንት ከወጋኝም ይውጋኝ፤ ለልጁ ስል ነው፣ እሱ ያውቃል።

ይህን በኤክስፕረስ እልከዋለሁ። ግሬምን ፈልጊውና አጠገብሽ አስቀምጪው። ምርጫው ሳይደርስ፣ በመጪው ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። ድምፄን ስትሰሚ አትዝጊብኝ።

አጸደ

*

ፐርዝ፣ ኅዳር 1 ቀን 2018

እትዬ አጸደ፤

ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰ። አንብቤ ባሱን ማስነሳት አቃተኝ። ተሳፋሪዎቹ ጮኹብኝ። እናንት ሰዎች ቆዩ ብዬ በትግርኛ ጮህኩባቸው።

ተናድጃለሁ፤ አልደብቅዎትም። ቁጣው ግን ይቆየን። እንዴት ያንን ሁሉ ጊዜ ብቻዎን ተሸከሙት? ልጁስ እንዴት ተሸከመው?

ግሬምን ቤቱ ድረስ ሄጄ አገኘሁት። እሑድ ይመጣል። ግን ተስፋ እንድሰጥዎ አይፈልግም። «ስማቸውን የምንጠራቸውን ልጆች መርጠን ጨርሰናል፤ አለቆቼ አንዴ ያሉትን አይቀይሩም» ብሎኛል። ለመስማት ያህል ነው የሚሰማው።

እኔ ቀድሜ አልደውልም፤ መሐላው የእርስዎ ነው። ስልኩን ግን ከእጄ አላወጣውም።

ራሕዋ

*

ትሩጋኒና፣ ኅዳር 12 ቀን 2018፣ ሚካኤል

ልጄ ራሕዋ፤

እንደ እሑዱ ልደውልልሽ ስልኩን አንስቼ ነበር። ኪሮስ ሳሎን ተቀምጧል፣ ግድግዳውም ስስ ነው። ስለዚህ በለመድነው መንገድ እጽፍልሻለሁ፤ በኤክስፕረስ ስለምልከው ከእሱ ቀድሞ ይደርስሻል።

ድምፅሽ አልተቀየረም። ወፍሮ ይሆናል ያልኩት፣ ያው ነው። እሑድ መጀመሪያ ላይ ሁለታችንም ምንም ሳንል የቆየነውን፣ ግሬም መስመሩ የተቋረጠ መስሎት «ሄሎ? ሄሎ?» ሲል የነበረውን እያስታወስኩ ማሽኑ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ።

ስለ ምርጫው ማወቅ ትፈልጊያለሽ። አንቺ በቴሌቪዥን ካየሽው የምጨምረው ብዙ የለኝም። የመጀመሪያው ምሽት ስሙ ሳይጠራ አለቀ። ጋሼ ዋቅጋሪና ሀኒ ከእኛ ጋር ነበሩ፤ ማንም ማንንም ሳያይ ተነስተው ቤታቸው ገቡ። ኪሮስ ሰሃኖቹን አጠበ። አንድም አልሰበረም። በሁለተኛው ምሽት እኔ ማየት ስላቃተኝ ጓዳ ገብቼ ዳዊቴን ያዝኩ። አንድ መዝሙር ላይ ብቻ ዓይኔ ቀረ፤ ፊደሉ ሁሉ ጠፋብኝ። መጨረሻ አካባቢ ሀኒ ስትጮህ ሰማሁ። የግሬም ክለብ ነው። ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሆኖ ነው የተጠራው፣ ግን ተጠራ።

ስወጣ ሀኒ ትዘላለች፣ ጋሼ ዋቅጋሪ «እልል በሉ እንጂ!» ይላል። ኪሮስ እንደተቀመጠ ነው። «አይም ኖት ጎዊንግ» አለ። አልሄድም ማለቱን ለመረዳት ሀኒ አላስፈለገችኝም። ማክሰኞ ማን ይወስድሻል፣ ሐሙስ ማን አጠገብሽ ይቀመጣል፣ ስትወድቂ ማን ያነሳሻል አለኝ፤ ይህን ሁሉ በአማርኛ ነው ያለኝ። በአማርኛ እንዲህ ብዙ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ከእሑዱ ስልክ በኋላ ያዘጋጀሁለትን ሻንጣ ከፍቶ ልብሱን መልሶ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ደረደረ።

ራሕዋ፣ በየሌሊቱ የለመንኩት ይህንን ነበር። አልሄድም፣ ካንቺ አልለይም እንዲለኝ። እግዚአብሔር ሰማኝ። ሲሰማኝ ግን ሂድ ብዬ መለመን ጀመርኩ።

ለምኜ አልቻልኩትም። ተቆጣሁ፣ አልሆነም። ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ። ሁሉም ፊት ተነስቼ፣ «አውሮፕላን እስክትሳፈር ድረስ ካንተ ጋር አንድ ቃል ብነጋገር የአባትህ የስዩም አጥንት ይውጋኝ» ብዬ ማልኩ። የንስሐ አባቴ ሲሰሙ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ኪሮስ መሐላዬን ያውቃል። ከእናቱ ጋር ስንት ዘመን ሳያነጋግር እንዳኖረኝ አይቷል። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

ትናንት ሆስፒታል ሲያመላልሰኝ አንድ ቃል አልተናገርኩም። «እትዬ፣ ውሃ ልስጥሽ?» ሲለኝ ራሴን ነቀነቅኩ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እትዬ ነው የሚለኝ፣ አባቱን ሰምቶ። ሊያስቀኝ ሞከረ፤ የነርሷን አነጋገር እያስመሰለ። ከንፈሬን ነክሼ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እንዴት እንደቻልኩት አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ሻንጣው እንደገና ተሞልቶ በሩ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ማክሰኞ ይመጣልሻል።

ስለ እኔ አታስቢ። ሀኒ የሆስፒታሉን መኪና ቡክ አድርጋልኛለች። ብወድቅ የሚያነሳ ሰው እዚያ ሞልቷል። ደህና ነኝ አልልሽም፤ ያን ቃል ጨርሼዋለሁ። እፈራለሁ። ቤቱ ከአሁኑ ይጮህብኛል።

አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ግሬም በስልክ እንደገና «ይገባዋል ወይ?» ብሎ ሲጠይቀኝ የመለስኩትን ከእሱና ካንቺ በቀር የሰማ የለም። «ይገባዋል ወይ ብለህ አትጠይቀኝ። እሱ ለእናንተ ይገባችኋል ወይ? እንደ እሱ ያለ ልጅ እኔ አይቼ አላውቅም» ብያለሁ። አንቺ እያለቀስሽ ስለነበር ሁለት ጊዜ አስደገምሽኝ። ኪሮስ ይህን አያውቅም። የሚያውቀው «አይገባውም» እና «ሰነፍ ነው» ያልኩትን ነው፤ እሱን ይዞ ነው የሚሳፈረው። እኔ ደግሞ በመሐላዬ ታስሬ በር ላይ እንኳ ልነግረው አልችልም።

አውሮፕላን ማረፊያው ሄደሽ ተቀበዪው። ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ንገሪው። በእኔ አፍ አድርገሽ ንገሪው፣ ሳትቀንሺ። ከዚያ ደውይልኝና ስልኩን ስጪው። ያኔ ተሳፍሮ ስለሚሆን መናገር እችላለሁ።

አጸደ